የጠሪው ትከሻ

ወልደሚካኤል ዓለሙን ከአለቅነት የሻረው ሰው የለም፤ ራሱን የሻረው ራሱ ነው። ይህ አስቀድሞ ይታወቅለት። ሪያድ ውስጥ የሐበሻ ወሬ ከመኪና ስለሚፈጥን፣ «አሠሪው አባረረው» የሚሉም «አብረውት የሚሠሩት ልጆች ዶልተውበት ነው» የሚሉም አልጠፉም። ውሸት ነው። ሱለይ ባለው የአቡ ራካን መጋዘን ዐሥራ ሰባት ዓመት ከባድ ዕቃ ሲያስነሳ ኖሮ የአንድ ሰው ጣት ያላስቆረጠን አለቃ ማን ደፍሮ ይሽረዋል? በዚያ በአፈሳው ዓመት እንኳ፣ ሐበሻ ከየመንገዱ እየተለቀመ ሲጫን፣ «የዘጠኝ ሰው ኢቃማ ካልታደሰ ከዚህ በር አልነሳም» ብሎ ከአቡ ራካን ደጅ ሁለት ቀን ተቀመጠ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው ታደሰ። ከሰዎቹ አንድም አልተያዘም።

የአቡ ራካን ሥራ ክሬንም ፎርክሊፍትም የማይገባበት ቦታ ዕቃ ማስገባት ነው። የወርቅ ቤት ካዝና በደረጃ ማውጣት፣ ጄኔሬተር ምድር ቤት ማውረድ፣ ወፍጮ በጠባብ በር ማሳለፍ፣ እንዲህ እንዲህ ያለውን። ለዚህ ዘጠኝ ሰው አለው፤ ሁሉም ሐበሻ፣ ገሚሱ ክርስቲያን ገሚሱ እስላም። ዘጠኙን አንድ ትከሻ የሚያደርጋቸው ደግሞ ጥሪ ነው። ዕቃው በጠፍር ታስሮ፣ ከሥሩ ወፍራም የብረት ዘንጎች ገብተው፣ ሰዎቹ ጎንበስ ካሉ በኋላ አለቃው ከፊት ይቆምና እያንዳንዱን በአገሩ ይጠራል።

«የላስታው ፈንታሁን!»

ፈንታሁን እግሩ ከተተከለ፣ ዘንጉም ትከሻው ላይ ከተመቸው «አለሁ!» ይላል። ካልተመቸው «ቆይ!» ይላል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ይቆያል። ዘጠኙም «አለሁ» ብለው ሲያበቁ አለቃው «ሆ!» ይላል፤ ያ የብረት ተራራ በአንድ ትንፋሽ ብድግ ነው። ወልደሚካኤል ይህን ማንም አላስተማረውም። አገሩ ፋርጣ ሰው የጎጆ ክዳን እንዳለ አንስቶ ከቦታ ቦታ ሲያዛውር አይቶ፣ በራሱ መንገድ አበጀው እንጂ። የጎረቤት መጋዘን ግብፆችና ፓኪስታኖች ሥራ ጥለው እየወጡ ያዩት ነበር፤ እሱም ሰው ሲያየው ድምፁን ከፍ ማድረግ አይጠላም።

ችግሩ አለቅነቱ ከሥራ ሲወጣ አብሮት ወደ ቤት መግባቱ ነው። ዐዚዚያ ባለው የጋራ ቤታቸው ከማቀዝቀዣው አጠገብ ያለው አልጋ የአለቃ ነው፤ ሻወር ቤት ቀድሞ የሚገባው አለቃ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ጣቢያ የሚለወጠው አለቃ ሲያዛጋ ነው። አንድ ጊዜማ ደብረ ታቦር ላለችው ሚስቱ ለዘመናይ ደውሎ፣ መስመሩ ሲቆራረጥበት፣ «የደብረ ታቦሯ ዘመናይ!» ብሎ ጮኸና «አለሁ» እስክትል ጠበቀ።

«ኧረ ተው አንተ ሰው፣» አለችው። «እኔ ካዝና መሰልኩህ?»

አብረውት የሚኖሩት ልጆች ይህን ሰምተው አንድ ወር ሙሉ ሳቁበት። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ግን ምኑ እንደሚያስቅ በደንብ የገባው አይመስልም።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የወልደሚካኤልስ ብሶ ተገኘ። አንድ ጠዋት ጄኔሬተር ሊያስነሳ ቆሞ ፈንታሁንን ሲጠራ፣ ጠፍሩ ከዘንጉ ላይ ተንሸራቶ ኖሮ ፈንታሁን በቀኙ በኩል ሆኖ «ቆይ!» አለ። ወልደሚካኤል ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ፈንታሁን «ቆይ! ቆይ!» እያለ ነው፤ አለቃው የመጨረሻውን ስም ጨርሶ ለ«ሆ» ደረቱን ሞላ። ያን ጊዜ የቃሉው ኑረዲን ዘንጉን ጥሎ ተወረወረና የአለቃውን አፍ በመዳፉ ከደነው። በሃያ ዓመት የሚያንሰው ሰው፣ በሁሉ ፊት፣ አፉን ከደነው! ከዚያ ወልደሚካኤል ወደ ፈንታሁን ዞር ሲል ጠፍሩን አየ። ያ ጄኔሬተር ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ የፈንታሁንን ወገብ ይዞ ይወርድ እንደነበር ለማወቅ ዐሥራ ሰባት ዓመት አያስፈልግም።

ምሳ ላይ ኑረዲንን ለብቻው ጠራው። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ቀኝ ጆሮዎ ከረመዳን በፊት ጀምሮ አይሰማም። ግራው ደህና ነው።» ኑረዲን መሬት መሬት ያያል። «ሁላችንም እናውቃለን።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«አለቃን ማን ይንገረው?»

ይህች መልስ ከመዳፉ ይልቅ አመመችው። በማግሥቱ አቡ ራካን ዘንድ ሄዶ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጠሪው ኑረዲን ነው አለ። አቡ ራካን ደነገጠ። እሱ ወልደሚካኤልን የሚጠራው «ሙዐለም» ብሎ ነው፤ ሥራ አዋቂ ማለቱ ነው፤ ሌላ ስም እንዳለውም ትዝ አይለውም።

«ያ ሙዐለም፣ የጆሮ መሣሪያ እገዛልሃለሁ!»

«መሣሪያው የሰማልኝን ነው የማውቀው፤ ያልሰማልኝን በምን አውቃለሁ? ያላወቅሁ ቀን ሰው ይሞታል።»

«እንግዲያው ኹሩጅህ፣ የመጨረሻ መውጫ ቪዛህ፣ እስኪወጣ አምስት ወር አለ። በር ላይ ሐሪስ ሁን። ጥላ ሥር ተቀመጥ፤ ደሞዝህ አይነካም።»

«ትከሻዬ አልደነቆረም፣» አለ ወልደሚካኤል። «ከልጆቹ ጋር እሸከማለሁ።»

ይህን ሲናገር ኩራቱ ከአናቱ በላይ ነበር፤ ሲያምርበትም! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት እሱን አይመለከትም፤ የሰው ሳንቲም አልበላም፣ ማንም አልሻረውም፣ ምን ይቆጨዋል? የዘጠኙን ሰው የኢቃማ ቅጂ ከነፋይሉ ለኑረዲን አስረከበ። የራሱን ቅጂ ዐሥረኛ አድርጎ ጨመረበት። ከአቡ ራካን ቢሮ ሲወጣ የተራመደው ተሿሚ እንጂ ተሰናባች አይመስልም ነበር።

ሥልጣን መልቀቅ ግን ካፍ እንደሚወጣው ቀላል ቢሆን ኖሮ ስንቱ በለቀቀ። የመጀመሪያው ቀን ዕቃ ካዝና ነበር። ወልደሚካኤል ከኋላ ዘንግ ሥር ገባ፤ ሳያስበው ደንቆሮ ጆሮው ወደ ጠሪው ሆነ። ኑረዲን ከፊት ቆመ። መንዙማ አውጪ ነውና ድምፅ አልነሳውም። የላስታውን ጠራ፣ የመንዙን አምሳሉን ጠራ፣ ስምንቱም እየተቀባበሉ «አለሁ» አሉ። ከዚያ ኑረዲን ወልደሚካኤል ዘንድ ሲደርስ አፉን ከፈተና ዘጋው። ዘለለው፤ «ሆ» ከማለቱ በፊት ግን አለቃው መመቻቸቱን በዐይኑ ይፈልግ ጀመር።

ወልደሚካኤል ግን መዘለሉን አላወቀም። ጎንበስ ብሎ ስሙን ይጠብቃል፤ ምንም አይሰማም። ሰዎቹ ሲንቀጠቀጡ ያያል፤ ጎንብሶ መቆየት ከመሸከም ይከብዳል። ያን ጊዜ ዐሥራ ሰባት ዓመት የለመደ አፍ ባለቤቱን ሳያማክር ተከፈተ።

«ሆ!»

ገሚሱ ሰው በዚያ በለመደው ድምፅ ብድግ አለ። ገሚሱ ኑረዲንን እየጠበቀ ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ካዝናው አጋደለ፤ አንዱ ማዕዘኑ አምሳሉ አውራ ጣት ላይ አረፈ። አምሳሉ መንዜ ነውና ሲጮህም ቀልድ አልተወም፤ «አንድ እግር ሁለት አለቃ አይችልም!» እያለ ነው ወደ ሐኪም ቤት የተወሰደው። አጥንቱ ተሰብሮ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ወልደሚካኤል ለጠየቀው ሁሉ «ጆሮዬ ነው» አለ። እውነት ነው፤ ጆሮው ነው። ለራሱ ግን መዋሸት አልሆነለትም። ኑረዲን ከፊት ቆሞ አፉን ሲከፍትና ሲዘጋ አይቶታል፤ ያን ጊዜ፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ያለ እኔማ አይነሳም ብሎ ነበር። ይህን ስለራሱ ማወቁ ከአምሳሉ ጣት የበለጠ አሳፈረው። በማግሥቱ ማንም ሳያዘው የፕላስቲክ ወንበር ይዞ መጋዘኑ በር ላይ ተቀመጠና ሐሪስ ሆነ።

ሐሪስን ማንም በስሙ አይጠራውም። ሪያድ ስሙን የማያውቁት ሠራተኛ ሁሉ «ሰዲቅ» ነው፤ የጭነት መኪና ሾፌሮች መስኮት ዝቅ እያደረጉ «ያ ሰዲቅ፣ በሩን!» ይላሉ። እሱም ይከፍታል። ይዘጋል። ከውስጥ የኑረዲን «ሆ!» ሲመጣ ደህናው ጆሮው ይሰማዋል፤ የሚነሳውን ዕቃ ክብደት ከሰዎቹ ትንፋሽ ይለያል፤ ዕቃው በሰላም ባረፈ ቁጥር ደስም ይለዋል፣ ያመዋልም። ሁለቱ ስሜቶች ባንድ ሆድ እንዴት እንደሚያድሩ አልገባውም። አምስቱን ወር ትቶ አሁኑኑ አገሩ ለመግባት አሰበ።

ለዘመናይ ይህንኑ ሊነግራት ደወለ። «አለቃ አይደለሁም፣» አላት። «የበር ዘበኛ ሆኛለሁ።»

«እሰይ! ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ምን ሆንክ ትይኛለሽ? ሰውነቴ ባዶ ሆነብኝ እንጂ! አሁኑኑ ልምጣ።»

«ስማ ወልዴ፤ እኔ ያገባሁት አለቃ አይደለም። ሰኞ ገበያ የሰው ጤፍ በኩንታል ሲያወርድ የዋለ ጎረምሳ ነው። አለቃ የሚለው ያን ጊዜ የት ነበር? ያን ትከሻ አይቼ ነው አባቴን እምቢ ያልኩት። ልምጣ ካልክ ና፤ ግን አፍረህ አትምጣብኝ። ቀና ብለህ ና።»

ስልኩን ዘግቶ መሄዱን ለጊዜው ተወው። የሰኞ ገበያውን ረስቶት ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ኑረዲን ሩዝና ዶሮውን በሳህን ይዞ መጣና በሩ ላይ ካጠገቡ ቁጭ አለ። አብረው በሉ።

«ይቅር ይበሉኝ፣» አለ ኑረዲን በመጨረሻ። «የአምሳሉ ጣት የተሰበረው በእኔ ነው።»

«ሆ ያልኩት እኔ አይደለሁም?»

«እኔ ስለዘለልኩዎ ነው። ስምንቱን ጠርቼ እርስዎ ዘንድ ስደርስ... ወላሂ አፌ እምቢ አለኝ። አለቃዬን እንደ እኩያዬ ስሙን ቆርሼ ልጥራ? እንጀራ ያበላኝን ሰው? በእኛ አገር ከዚህ የባሰ ነውር የለም። አውቀው ይገባሉ ብዬ ዘለልኩዎ።»

ወልደሚካኤል እጁ ሩዙ ላይ ቀረ። «ለአክብሮት ብለህ ሰው ልትገድል ነበር?»

«ለአክብሮት ብዬ።»

ወልደሚካኤል ሊቆጣ ቀና አለ፤ ቁጣው ግን አልመጣለትም። ይልቅ ለማንም የማይነግረው ነገር ወጣው። «እኔም አፍህ ሲያዝ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር፣» አለ። «ያለ እኔ አይችሉም ብዬ። እንግዲህ እወቀው።»

ኑረዲን አየው። ከዚያ ሳቅ ያዘው። ወልደሚካኤልንም ያዘው። በር ሊያስከፍት ቆሞ የነበረ ሾፌር ጥሩምባ ቢነፋ ቢነፋ የሚሰማው አጣ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዑድ ከሚባለው አሮጌ ሰፈር ሥራ መጣ። አንድ የመናዊ ዳቦ ጋጋሪ ምድጃ ገዝቷል፤ ውስጡ በሸክላ የተለበጠ፣ ቢያጋድል የሚሰነጠቅ፣ ዋጋውን ሲናገር ራሱን የሚያልበው ዓይነት። ቤቱ ያለው ደግሞ በዚያ በአሮጌው ሰፈር ፎርክሊፍት በማያሳልፍ ጉሮሮ በመሰለ መተላለፊያ ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አርባ እርምጃ በእጅ ነው። ለምድጃው ስምንት ሰው ያስፈልጋል። አምሳሉ ገና ያነክሳል። ጠሪው ሲቀነስ ሰባት ቀሩ። ወልደሚካኤል ማንም ሳይለምነው ወንበሩን ትቶ መኪናው ላይ ወጣ።

ገና በማለዳ፣ መንገዱ መኪና ሳይሞላበት ደረሱ። አቡ ራካንም ራሱ መጥቶ ኖሮ ነጭ ቀሚሱን ከአቧራው ሰብስቦ ቆሟል። ምድጃውን አየ፣ ጉሮሮውን አየ፣ ከዚያ ወልደሚካኤልን አየ።

«ያ ሙዐለም፣ ዛሬ አንተ ጥራ። ኑረዲን ይሸከም። ይህ ከተሰበረ ቤቴ ተሰበረ።»

ኑረዲን ከፊት ቦታው ዞር አለ። አኩርፎ አይደለም፤ ከልቡ ነው። ቦታው ባዶ ሆኖ ወልደሚካኤልን ጠበቀው። ሰባቱም ዞረው አዩት። እውነት ለመናገር፣ መጥራቱን ፈለገ። ከእግር ጥፍሩ እስከ ራስ ጠጉሩ ፈለገ፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ! ጠዋት ነው፣ ሰፈሩ ጸጥ ብሏል፣ ደህናው ጆሮውም ይሰማል፤ አንድ ቀን ብቻ ቢጠራ ምን ይሆናል? ከዚያ የፈንታሁንን ወገብ አየ።

«ጠሪው ኑረዲን ነው፣» አለ።

«አንተስ ታዲያ ምንድነህ?» አለ አቡ ራካን ተናድዶ።

«ስምንተኛው ትከሻ።»

አቡ ራካን እጁን አወናጨፈ። «ኸላስ። በራስህ ኀላፊነት።»

ወልደሚካኤል ግራ ጆሮው ወደ ጠሪው የሚሆንበትን ዘንግ መርጦ ያዘ። ከመጎንበሱ በፊት ግን ኑረዲንን አስጠግቶ፣ «እንደ ማንም ሰው ጥራኝ፣» አለው። «አንቱታህን ለምሳ ሰዓት አስቀምጠው። ከዘለልከኝ አልነሳም።»

ኑረዲን ወደ ቦታው ተመለሰ።

«የላስታው ፈንታሁን!»

«አለሁ!»

ሰባቱም ተጠሩ። ሰባቱም መለሱ። ከዚያ ዝም አለ። ወልደሚካኤል ጎንብሶ፣ ዘንጉ ትከሻው ላይ እያረፈ፣ መሬት መሬት እያየ ጠበቀ። ይህ ልጅ ዳግመኛ ይዘለኛል ብሎ ፈራ። ልቡ ለሠርግ እንደሚጠራ ሰው ትመታለች።

«የፋርጣው ወልደሚካኤል!» አለ ኑረዲን፤ ድምፁ ከግንብ ግንብ እየተጋጨ ሄደ። «የዓለሙ ልጅ!»

የአባቱን ስም ማንም ሰው ሰምቶት አያውቅም ብሎ ነበር የሚያስበው። ለካ ፋይሉን ያስረከበው ራሱ ነው፤ ልጁም አንብቦታል፤ አንቱታውንም በዚያች በኩል አሹልኮ አስገብቷታል። ግን ልቡን የነካው ይህ ብቻ አይደለም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ በየማለዳው ዘጠኝ ሰው በየአገሩ እየጠራ «አለህ ወይ? ቆመሃል ወይ? ይዘሃል ወይ?» ሲል የኖረው እሱ፣ አንድ ቀን እንኳ ተጠርቶ አያውቅም። ጠሪውን ማን ይጠራዋል? አለቃ የሚባለውን ሁሉም ይጠሩት ነበር፤ ወልደሚካኤልን ግን፣ የፋርጣውን፣ የዓለሙን ልጅ፣ የሰኞ ገበያውን ባለ ትከሻ፣ አለህ ወይ ብሎ የጠየቀው የለም። ዐይኑ እንባ ሞላ። እጁ ዘንጉ ላይ ስለነበር ሊጠርገው አልቻለም፤ ይፍሰስ ብሎ ተወው።

«አለሁ!» አለ።

እንዲህ ያለ «አለሁ» ያ ሰፈር ሰምቶ አያውቅም። ዳቦ ጋጋሪው ደንግጦ ከቤቱ ብቅ አለ፤ ፎቅ ላይ አንዲት ሴት መስኮት ከፈተች።

«ሆ!» አለ ኑረዲን።

ምድጃው ተነሳ። ሳያጋድል፣ ሳይንገጫገጭ፣ እንደ ሞላ ገንቦ ቀጥ ብሎ ተነሳና ወደ ጉሮሮው ገባ። ወልደሚካኤል ትከሻው ላይ ብረቱ ሲጫን ተሰማው፤ ከፊቱ የሰባት ሰው ትንፋሽ ይሰማዋል፣ የእሱም ስምንተኛ ሆኖ ገብቶበታል። አምሳ ስድስት ዓመት ሆኖት፣ አንድ ጆሮ ደንቁሮ፣ ያለ ምንም ሹመት፣ በሕይወቱ እንደዚያ ጠዋት ኮርቶ አያውቅም። በኩራቱ ላይ ሆኖ እርምጃ መቁጠሩን ረሳ፤ ሃያ ግድም ሲደርሱ ትከሻው ዝቅ አለ።

«የፋርጣው!» ብሎ ጮኸበት ኑረዲን፣ ዐይኑን ከምድጃው ሳያነሳ። «በአንተ በኩል ወረደ! ቀና በል!»

«እሺ፣ አለቃ!» አለ ወልደሚካኤል፤ ቀናም አለ።